መሬት በጠገበ ጊዜ የሚመጣ ዝናብ
ስለ አራዳ ወንዞችና ስለ ደራሽ ውሃ ጥንቃቄ፤ ለየአገሩ ሹማምንት ምሳሌ ይሆን ዘንድ

ዝናብ የእህል ሁሉ አባት መሆኑን የማያውቅ የለም። በሰኔ መግቢያ ሰማዩ ደመና የያዘ እንደ ሆነ ገበሬው በሬውን ጠምዶ ይወጣል፤ ከብት አርቢው ሣር ይበቅላል ብሎ ተስፋ ያደርጋል፤ የአገር አስተዳዳሪም ዘመኑ የጥጋብ ይሆናል ብሎ ደስ ይለዋል። ነገር ግን በሰኔ ሲለመን የነበረው ያው ዝናብ ሐምሌ አልቆ ነሐሴ በገባ ጊዜ፥ መሬቱም ጠጥቶ ከጠገበ በኋላ፥ በአንድ ሌሊት በብዛት የወረደ እንደ ሆነ ቤት አፍራሽ፥ ድልድይ ነቃይ፥ ነፍስ አጥፊ ይሆናል። የዝናቡ ልክ አንድ ሆኖ ሳለ በሰኔ በረከት፥ በነሐሴ መቅሠፍት የሚሆንበት ምክንያት በሰማይ ሳይሆን በምድር ያለ ነው። በምድር ያለውንም ነገር የሰው እጅ ሊያሻሽለው ስለሚችል፥ ሕዝብን የመጠበቅ ኃላፊነት የተሰጠው ሰው ሁሉ ይህን ምክንያት አጥብቆ ሊያውቀው ይገባል።

ለዚህም ትምህርት የአዲስ አበባ አሮጌ እምብርት የሆነው አራዳ፥ በኋላም ፒያሳ የሚል ስም የተጨመረለት ሰፈር፥ መልካም ምሳሌ ነው። በአራዳ የሚሆነው ነገር በተራራ ሥር በተቆረቆረ በማናቸውም ከተማ፥ በደሴም ሆነ በጎንደር፥ በድሬዳዋም ሆነ በአርባ ምንጭ፥ በመጠን ይለያይ እንጂ በምክንያቱ አንድ ነው።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. በተቆረቆረች ጊዜ የተመረጠችው ስለ ፍል ውሃዋና ስለ አየርዋ መልካምነት ነበረ። በስተሰሜን ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የእንጦጦ ተራራ እንደ ግድግዳ ቆሞላታል፤ በስተደቡብ ደግሞ መሬቱ እየዘቀዘቀ ሄዶ በአቃቂ ሜዳ ላይ ወደ 2000 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ በእንጦጦ ራስ ላይ የወደቀ ውሃ በሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ጉዞ ውስጥ አንድ ሺህ ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል ማለት ነው። ከዚሁ ተራራ ቀበና፥ ግንፍሌ፥ ቀጨኔና ቁርጡሜ የሚባሉት ወንዞች ይነሣሉ፤ ከተማይቱንም ከሰሜን ወደ ደቡብ እየሰነጠቁ ያልፋሉ። ከእነዚህም አንዳንዶቹ ተገናኝተው ባንትይቀጡ የሚባለውን ወንዝ ይሠራሉ፤ በመጨረሻም ሁሉም በአቃቂ ወንዝ በኩል ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ፥ ከዚያም ወደ አዋሽ ይሄዳሉ። በበጋ ጊዜ ሕፃን የሚዘላቸው እነዚህ ወንዞች በክረምት ጊዜ ፈረሰኛ የማይደፍራቸው ይሆናሉ።

አራዳ በእነዚህ ወንዞች መካከል ባለ ጉብታ ላይ የተቀመጠ ነው። በላዩ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ በአጠገቡም የዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ትልቁ ገበያ ይቆም ነበር። ያ ገበያ ወደ ምዕራብ፥ ዛሬ መርካቶ ወደሚባለው ስፍራ የተዛወረው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው፤ ፒያሳ የሚለውም ስም የዚያው ዘመን ቅርስ ነው። ድልድይ ባልነበረበት በመጀመሪያው ጊዜ፥ የየመኳንንቱ ሰፈር በየጉብታው ላይ ተለያይቶ የተተከለ ስለ ነበረ፥ ክረምት ሲገባ ወንዙ ሰፈርን ከሰፈር እየቆረጠ መልእክተኛውንም ገበያተኛውንም ያስቀረው ነበር። ስለዚህ ድልድዮች ተሠሩ፤ ከእነርሱም መካከል የራስ መኮንን ድልድይ እስከ ዛሬ በዚያው ስም ይጠራል። ድልድይ በተሠራ ጊዜ ግን ሰው ወንዙን መፍራት ተወ፤ መፍራትንም በተወ ጊዜ ቤቱን ከጉብታው ላይ እያወረደ ወደ ወንዙ ከንፈር አቀረበው። በቀደመው ዘመን ባዶ የነበረው ገደላ ገደል በጭቃ ቤትና በቆርቆሮ ክዳን ተሞላ። የአራዳ የጎርፍ ነገር ከዚህ ይጀምራል።

አሁን መሬት ጠገበ ማለት ምን እንደ ሆነ መግለጥ ይገባል። አፈር ለዓይን ድፍን ይምሰል እንጂ በውስጡ ቁጥር የሌላቸው ጥቃቅን ክፍተቶች አሉት። በበጋ ጊዜ እነዚህ ክፍተቶች በአየር የተሞሉ ናቸው፤ በሰኔ የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ ውሃው እየገባ አየሩን ያስወጣና ስፍራውን ይይዛል። ስለዚህ በሰኔ ብዙ ዝናብ ወርዶ ወንዙ እምብዛም ሳይሞላ ቢቀር የሚያስደንቅ አይደለም፤ መሬቱ እየጠጣው ነውና። በአዲስ አበባ በዓመት ከሚወርደው ከ1100 እስከ 1200 ሚሊ ሜትር ከሚሆነው ዝናብ ውስጥ ግማሹ ያህል የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ብቻ ነው። እንግዲህ ሐምሌ ሲያልቅ ክፍተቱ ሁሉ በውሃ ይሞላል፤ ምንጩም በየቦታው ይፈልቃል፤ ግድግዳው ይረጥባል፤ በግቢ ውስጥ የተረገጠው መሬት እግርን ይውጣል። ከዚህ በኋላ የሚወርደው ዝናብ ሞልቶ በተቀመጠ ገንቦ ላይ እንደሚጨመር ውሃ ነው፤ መግቢያ ስለሌለው ሁሉም ይፈስሳል።

በተለይም መረሬ ወይም ዋልካ የሚባለው ጥቁር አፈር ጠባዩ ልዩ ነው። በበጋ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም እጅ እስኪያስገባ ይሰፋል። የመጀመሪያው ዝናብ በዚያ ስንጥቅ በፍጥነት ይገባል። ነገር ግን አፈሩ ሲረጥብ ስለሚያብጥ ስንጥቁ ይዘጋል፤ ከተዘጋም በኋላ ውሃ የሚያሳልፈው በጭንቅ ነው። ይህን የመሰለ አፈር በአገራችን ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ እንደሚሆን ይገመታል። በአዲስ አበባ በስተደቡብ ያለው ሜዳ ይልቁንም የአቃቂ ወገን እንዲህ ያለ ነው። በስተሰሜን ያለው የእንጦጦ ቁልቁለት ደግሞ አፈሩ ስስ፥ ከሥሩ ያለው ዓለት ቅርብ ስለ ሆነ ቶሎ ይጠግባል። እንግዲህ ላዩ ውሃ አያስቀርም፥ ታቹም ውሃ አያሰርግም፤ አራዳ በመካከል ሆኖ ከላይ የወረደውን ይቀበላል፥ ወደ ታችም ያስተላልፋል።

የውሃውን ብዛት በቁጥር መርምሮ ማየት ነገሩን ይበልጥ ያስረዳል። በአንድ ካሬ ሜትር ቦታ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 1 ሊትር ውሃ ማለት ነው። ስለዚህ በአንድ ሰዓት 30 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ፥ 100 ካሬ ሜትር ስፋት ካለው ከአንድ ቤት ክዳን ብቻ 3000 ሊትር ይወርዳል፤ ይኸውም 200 ሊትር በሚይዝ በርሜል ቢሰፈር 15 በርሜል ይሆናል። በ1 ካሬ ኪሎ ሜትር የተራራ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ያው ዝናብ 30 ሚሊዮን ሊትር ይሆናል። መሬቱ ደረቅ ሆኖ ከሦስቱ እጅ ሁለቱን ቢጠጣ ወደ ወንዙ የሚወርደው 10 ሚሊዮን ሊትር ነው፤ መሬቱ የጠገበ እንደ ሆነ ግን ሁሉም ለመውረድ ጥቂት ይቀረዋል። ስለዚህ በአንድ ዓይነት ዝናብ ወንዙ ሦስት እጥፍ ሊሞላ ይችላል ማለት ነው። በዚህም ላይ የውሃው ፍጥነት እጥፍ በሆነ ጊዜ የሚገፋበት ኃይል አራት እጥፍ ስለሚሆን፥ ከጉልበት የማያልፍ ፈጣን ውሃ ጎልማሳውን ሰው ይጥላል፤ ድንጋይና ግንድም ይዞ ይወርዳል።

በነሐሴ ሌሊት በወንዝ ዳር የሚኖር ሰው ሁሉ ይህን ቁጥር ሳይማር ጠባዩን ያውቀዋል። ከቀትር በኋላ በእንጦጦ ራስ ላይ ደመናው ጠቁሮ ሲከማች፥ ነጎድጓዱም ሲበረታ፥ እናት ልጆችዋን ቶሎ ትሰበስባለች፤ እህሉ ከመሬት ተነሥቶ ከቆጥ ላይ ይሰቀላል፤ ሽማግሌው የወንዙን ድምፅ ያዳምጣል። የወንዙ ውሃ ጠርቶ ሲፈስስ የነበረው በድንገት ቢደፈርስ፥ ቅጠልና ቅርንጫፍ ይዞ መውረድ ቢጀምር፥ ድምፁም እንደ መፍጨት ያለ ቢሆን፥ ድንጋይ እየተንከባለለ ነውና ከላይ ብዙ ውሃ እንደ ተነሣ ይታወቃል። ከዚህ ምልክት በኋላ ለመሸሽ ያለው ጊዜ በሰዓት ሳይሆን በደቂቃ የሚቈጠር ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው፥ ጭንቀቱ በየዓመቱ የሚደርስ ሆኖ ሳለ ዝግጅቱ ግን በየዓመቱ እንደ አዲስ መጀመሩ ነው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የወረደው ኃይለኛ ዝናብ ጎርፍ አስነሥቶ የሰው ሕይወት ማጥፋቱ የሚታወስ ነው።

ሰማይ በራስ ላይ ጠራ ብሎ መዘናጋት ደግሞ ከሁሉ የባሰ ስሕተት ነው። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት በድሬዳዋ የደረሰው ጥፋት ለዚህ ምስክር ነው። ደቻቱ የሚባለው ወንዝ በዓመት የሚበዛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ሆኖ የሚታይ ነው፤ በዚያ ሌሊት ግን በሐረርጌ ደጋ ላይ የዘነበው ዝናብ ተሰብስቦ ወርዶ በተኛው ሕዝብ ላይ በድንገት ደረሰበት። ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በሺህ የሚቈጠሩትም ቤት አልባ ሆኑ። በዚያው ክረምት በነሐሴ ወር የኦሞ ወንዝ ሞልቶ በደቡብ ኦሞ ከ300 በላይ ሰዎችንና ብዙ ከብት አጠፋ፤ በጣና ዙሪያም ርብና ጉማራ የሚባሉት ወንዞች ከዳርቻቸው ወጥተው የፎገራን ሜዳ አጥለቀለቁ። ደራሽ ውሃ የሚለው የአባቶች ስም እንዲያው የተሰጠ አይደለም፤ ዝናቡ በሌላ ስፍራ ዘንቦ ውሃው ሳይታሰብ የሚደርስ ነውና።

የጠገበ መሬት ጉዳቱ በወንዝ ዳር ብቻ የሚቀር አይደለም። በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ፥ ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም.፥ ከብዙ ዝናብ በኋላ የኮረብታው አፈር ተንዶ ቤቶችን ከነሰዎቻቸው ቀበረ። ጎረቤት የተቀበረውን ለማውጣት በተሰበሰበ ጊዜ ሁለተኛ ናዳ ወርዶ ለእርዳታ የመጡትን ጨመረ፤ የሞቱትም ከ200 በላይ ሆኑ። የዚህ ምክንያት ግልጥ ነው፤ አፈር ውሃ ሲሞላ ክብደቱ ይጨምራል፥ እርስ በርሱ የሚያያዝበትም ጽናት ይቀንሳል፤ ቁልቁለቱም ሊሸከመው በማይችል ጊዜ በአንድ ጊዜ ይለቀዋል። እንግዲህ በተራራ ሥር ያለ ሹም ሁሉ ሊያስታውሰው የሚገባው፥ አንድ ናዳ በወረደበት ስፍራ ሁለተኛው ሊከተል ስለሚችል፥ ረዳቱን ከማሰማራት በፊት ከላይ የሚጠባበቅ ሰው ማቆም እንደሚያስፈልግ ነው።

ይህ ነገር በውጭ አገርም የታወቀ ነው። በአሜሪካ አገር በኖርዝ ካሮላይና፥ በ1991 ዓ.ም. መጨረሻ ዴኒስ የተባለው ማዕበል አውሎ ነፋስ ብዙ ዝናብ አውርዶ መሬቱን አጠገበው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፥ በ1992 ዓ.ም. በመስከረም መጀመሪያ፥ ፍሎይድ የተባለው ሁለተኛው ማዕበል በዚያው በጠገበ መሬት ላይ መጣ። ውሃው የሚገባበት ስፍራ ስላላገኘ ወንዞቹ ሁሉ ሞልተው ወጡ፤ ከባርነት ነጻ በወጡ ጥቁሮች የተቆረቆረችው ፕሪንስቪል የምትባለው ከተማ፥ ታር ከሚባለው ወንዝ የሚከላከላት የአፈር ግንብ እያላት፥ በውሃ ተዋጠች። በዚያም ማዕበል በአሜሪካ ከሞቱት ሰዎች የሚበዙት የሞቱት በነፋሱ ኃይል ሳይሆን በውሃ ሰጥመው ነው። አገራችን ከባሕር የራቀች ስለ ሆነች የባሕር ማዕበል አይነካትም ብሎ ማሰብም ልክ አይደለም። በግንቦት 2010 ዓ.ም. ሳጋር የተባለው አውሎ ነፋስ ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ተነሥቶ የሶማሌላንድን ጠረፍ በመታ ጊዜ ዝናቡ በእኛም አገር በሶማሌ ክልል ጎርፍ አስነሥቷል።

ከሰማይ የሚመጣውን ዝናብ ማስቀረት የሚችል ሰው የለም። በአራዳም ሆነ በሌላ ከተማ የጎርፉን ጉዳት የሚያበዙት ግን የሰው ሥራዎች ናቸው። የመጀመሪያው የተራራው መራቆት ነው። የእንጦጦ ጥንታዊ ደን፥ ጽዱና ወይራው፥ ከተማይቱ በተቆረቆረች ጊዜ ለማገዶና ለቤት ሥራ እየተቆረጠ አለቀ፤ የእንጨትም ችግር እጅግ ከመጽናቱ የተነሣ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ ነበር። በ1880ዎቹ ዓ.ም. የገባው ባሕር ዛፍ ከተማይቱን ከዚያ ችግር አዳናት። ይሁን እንጂ ባሕር ዛፍ ተቀራርቦ በተተከለበት ስፍራ ከሥሩ ሣር እምብዛም አይበቅልም፤ የረገፈውም ቅጠል ለማገዶ ተጠርጎ ሲወሰድ መሬቱ ራቁቱን ይቀራል። ራቁት መሬት የዝናቡን ጠብታ የሚያበርድለት ስለሌለው ይመታል፥ ይጠነክራል፥ ውሃውንም ከነአፈሩ ይለቀዋል። ሁለተኛው የወንዙ መጥበብ ነው፤ አንዱ ግድግዳውን አንድ ክንድ ወደ ወንዙ ያስጠጋል፥ ሌላው አፈርና ፍርስራሽ ይደፋል፥ ሁሉም ጥቂት ጥቂት ሲወስዱ ወንዙ ስፍራውን ያጣል። ወንዝ ግን ስፍራውን አይረሳም፤ የተወሰደበትን በአንድ ሌሊት ያስመልሳል። ሦስተኛው የውሃ መውረጃ ቦይ በቆሻሻ፥ በተለይም በላስቲክና በፕላስቲክ ጠርሙስ መደፈኑ ነው። ቦይ የተደፈነበት መንገድ ራሱ ወንዝ ይሆናል።

ይህን ለማሻሻል የተጀመሩ ሥራዎች አሉ። በ2011 ዓ.ም. ከእንጦጦ እስከ አቃቂ ድረስ 56 ኪሎ ሜትር የሚሆን የወንዝ ዳርቻ ለማልማት ታቅዶ ሥራ ተጀምሯል፤ በእንጦጦም ባሕር ዛፉን በአገር በቀል ዛፍ የመተካት ሥራ ተይዟል። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ በተካሄደው የኮሪደር ልማት አሮጌ ሰፈሮች ፈርሰው ነዋሪዎች ወደ ሌላ ስፍራ ተዛውረዋል፤ መንገዶችም ሰፍተዋል። ከወንዝ ከንፈር የተነሣ ሰው ከጎርፍ ሥጋት መዳኑ ርግጥ ነው። ነገር ግን በንጣፍና በሲሚንቶ የተሸፈነ ስፍራ ውሃ ስለማይጠጣ፥ ጎዳናው ባማረ መጠን ወደ ቦዩ የሚገባው ውሃ ይበዛል። ስለዚህ አዲስ መንገድ የሠራ ሁሉ ሥራው የሚፈጸመው መንገዱ በተመረቀበት ቀን ሳይሆን ቦዩ በየዓመቱ ከሰኔ በፊት በተጠረገ ቁጥር መሆኑን ማወቅ አለበት። ደግሞም ከአንዱ ሰፈር የተነሣው ድሀ ወደ ሌላ ወንዝ ዳር ሄዶ የሰፈረ እንደ ሆነ ሥጋቱ ስፍራ ለወጠ እንጂ አልጠፋም፤ የሚሰፍርበትን መሬት መርምሮ መስጠት የሹሙ ግዴታ ነው።

በዚህ ነገር የከተማ ሰው ከገበሬው ሊማር የሚችለው ብዙ ነው። የደጋ ገበሬ በተዳፋት እርሻው ላይ ውሃው አፈሩን እንዳይጠርግ አግድም ፈሰስ ያወጣል፤ በመረሬ መሬት ላይ ውሃ እንዳይተኛበት በሰሜን ሸዋ በእነዋሪ እንደሚደረገው ሰፋፊ መደብና ቦይ ይሠራል። በርጥበት የማይሸነፈውን ጤፍ ዘግይቶ ይዘራል፤ ሽምብራና ጓያን ደግሞ ዝናቡ ሲቀንስ በቀረው ርጥበት ላይ ያበቅላል። የኮንሶ ሕዝብ በድንጋይ እርከን ተራራውን እንደ ደረጃ አድርጎ ለብዙ መቶ ዓመታት አፈሩን ሲጠብቅ ኖሯል፤ ይህም ሥራው በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦለታል። የእነዚህ ሁሉ ብልሃት አንድ ነው፤ ይኸውም ውሃውን በወደቀበት ስፍራ ማዘግየት፥ የተረፈውንም በተወሰነለት መንገድ ማስኬድ ነው። ከተማም በዚሁ ብልሃት ካልሆነ በሌላ አይድንም።

ስለዚህ እያንዳንዱ የአገር አስተዳዳሪ፥ የወረዳ ሹም፥ ባለ ይዞታና ባለ ቤት በየጊዜው ሊፈጽመው የሚገባው ሥራ ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው።

1ኛ፤ ከሚያዝያ እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ የውሃ መውረጃው ቦይና የድልድዩ ሥር ሁሉ ይጠረግ። የተጠረገውም ጭቃና ቆሻሻ በቦዩ ዳር የተከመረ እንደ ሆነ የመጀመሪያው ዝናብ መልሶ ስለሚያስገባው ወዲያው ከስፍራው ይነሣ። በየወንዙ ዳር ያሉት ቤቶች ይቈጠሩ፤ በውስጣቸው ያሉት ሽማግሌዎች፥ ድውያንና ሕፃናት ይታወቁ።

2ኛ፤ ባለ ቤት የሆነ ሁሉ፥ ይልቁንም ቤት የሚያከራይ ሰው፥ ክዳኑን፥ የግድግዳውን ሥር፥ የግቢውንም መውረጃ ይመርምር። ከክዳኑ የሚወርደውን ውሃ በጎረቤቱ ግድግዳ ላይ አይልቀቅ። የሚችል በበርሜልና በጉድጓድ ያጠራቅም፤ ለበጋም ይጠቅመዋል።

3ኛ፤ ሐምሌ ከተጋመሰ በኋላ የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚያወጣውን ማስታወቂያ በየቀኑ የሚከታተል አንድ ሰው በየወረዳው ይወሰን። ይህ ሰው የሚመጣውን ዝናብ ብቻ ሳይሆን የወረደውን ዝናብ ይጻፍ፤ ለብዙ ቀን ሳያቋርጥ ከዘነበ በኋላ የሚመጣ መካከለኛ ዝናብ በደረቅ መሬት ላይ ከሚወርድ ታላቅ ዝናብ ይልቅ ሊያስፈራ ይገባዋልና።

4ኛ፤ የላይኛው ወረዳ ሹም ወንዙ መሙላት እንደ ጀመረ ለታችኛው በስልክ ያስታውቅ። ውሃ የወረዳ ወሰን አያውቅም፤ በእንጦጦ ሥር ያለው ሰው ያየውን የአራዳ ሰው፥ የአራዳው ሰው ያየውን የአቃቂ አትክልት አልሚ በደቂቃ ውስጥ ሊሰማው ይገባል።

5ኛ፤ ሕዝቡ የሚሸሽበት ከፍ ያለ ስፍራ፥ ትምህርት ቤትም ሆነ አዳራሽ፥ አስቀድሞ ተወስኖ ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ ይታወቅ። በእኩለ ሌሊት ቁልፍ ፍለጋ የሚያልፍ ጊዜ በሰው ነፍስ የሚከፈል ነው።

6ኛ፤ ጎርፉ ካለፈ በኋላ ውሃው የደረሰበት ልክ በግንብና በድልድይ ላይ በቀለም ምልክት ይደረግበት። ከዚያም ምልክት በታች ቤት የመሥራት ፈቃድ አይሰጥ። የጉድጓድና የምንጭ ውሃ ሳይፈላ እንዳይጠጣ ሕዝቡ ይመከር።

ከነዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን ሕዝቡን ከቤቱ የማስወጣት ትእዛዝ ነው። ሹሙ ደመናውን አይቶ፥ ማስታወቂያውን ሰምቶ፥ ሕዝቡን በሌሊት አስነሥቶ ያስወጣ እንደ ሆነ፥ ጎርፉም ሳይመጣ የቀረ እንደ ሆነ፥ በብርድ ያደረው ሕዝብ ያማዋል፤ በሁለተኛውም ጊዜ እሺ አይለውም። ይህን ሐሜት ፈርቶ የቆየ እንደ ሆነ ደግሞ፥ ውሃው በመጣ ጊዜ ለመጸጸት እንኳ ጊዜ አያገኝም። ሁለቱን ኪሳራ በሚዛን ማየት ይገባል። ያለ ምክንያት የተነሣ ሕዝብ የሚያጣው የአንድ ሌሊት እንቅልፍ ነው፤ በምክንያት ሳይነሣ የቀረ ሕዝብ የሚያጣው ግን በምንም የማይመለስ ነው። ሐሜቱንም የሚያቀል መንገድ አለ፤ ሹሙ በሰኔ ሕዝቡን ሰብስቦ «ምልክቱ ይህ ሲሆን እንነሣለን፤ ከሦስቱ ጊዜ ሁለቱ በከንቱ ሊሆን ይችላል፤ ሦስተኛው ግን ያድነናል» ብሎ አስቀድሞ የተስማማ እንደ ሆነ፥ በነሐሴ ሌሊት የሚነሣው ሕዝብ የሚነሣው በትእዛዝ ብቻ ሳይሆን በገዛ ምክሩ ይሆናል።

ንብረቱም እንዲሁ የሚታሰብ ነገር ነው። በወንዝ ዳር ያለ ድሀ ከቤቱ አልወጣም የሚለው ሞትን ስለማይፈራ አይደለም፤ ያለችውን ብርድ ልብስ፥ የዳቦ ማውጫውን ድስት፥ የልጁን ደብተር ሌባ ይወስድብኛል ብሎ ስለሚሰጋ ነው። ስለዚህ ሰዎቹ በወጡበት ሰፈር ዘበኛ የሚያቆም ሹም፥ ከሚያስፈራራ ሹም ይልቅ ብዙ ነፍስ ያድናል።

ከአራዳ የሚወርደው ውሃ በአራዳ አያልቅም። በአቃቂ ዳር ጎመንና ሰላጣ የሚያለማው አትክልተኛ ማሳው በደለልና በከተማ ቆሻሻ ይሸፈንበታል፤ የውሃ ኃይል ማመንጫ የተሠራበት የአባ ሳሙኤል ግድብም ከላይ በሚወርደው አፈር ሲሞላ ኖሯል። በእንጦጦ አንድ ዛፍ የተከለ፥ በቀጨኔ አንድ ቦይ የጠረገ፥ በራስ መኮንን ድልድይ ሥር ቆሻሻ እንዳይጣል የከለከለ ሰው፥ የማያውቀውን የአቃቂ ገበሬ እርሻ ጠበቀ ማለት ነው። እንዲሁም በየክፍለ ሀገሩ በኮረብታ ላይ ያለ ባለ ይዞታ የገዛ መሬቱን በእርከንና በሣር በጠበቀ ጊዜ ከበታቹ ያለውን ከተማ ይጠብቃል።

ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለእሳት ብቻ አይደለም። የጎርፍ ሥራ የሚሠራው ፀሐይ በወጣበት፥ ወንዙም ደርቆ የሚያስቅ በሚመስልበት ጊዜ ነው። ያን ጊዜ በአካፋና በዶማ የሚፈጸመው ሥራ፥ መሬቱ ከጠገበና ደመናው በእንጦጦ ላይ ከጠቈረ በኋላ በብዙ ገንዘብና በብዙ ጩኸት አይፈጸምም። በጎ አስተዳዳሪ የሚታወቀውም ጎርፍ በመጣ ማግሥት ለሕዝቡ በሚያድለው ዱቄት ብዛት ሳይሆን፥ ጎርፉ መጥቶ ሲያልፍ ከሰፈሩ አንድም ሰው ሳይጐድል በመገኘቱ ነው።